ታናሽ ይላካል

ብልቃጧ ውስጥ የገባው የአናጢው ሰገራ አልነበረም፤ የወንድሙ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ማንም ክፉ አላሰበም። አናጢው አንዲት ልጅ አለችው፤ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ትዕግሥት ሲታደል ሰልፉ ረዝሞባት ጥላ የሄደች። አያቷ «ሆዱን አሞት» ሞተ ተብሎ የተቀበረው በትልቁ አንጀት ካንሰር እንደነበር ካወቀች ወዲህ አባቷንም አጎቷንም መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታቸዋለች። አንድ ምሽት ሁለቱንም አስቀምጣ ከቦርሳዋ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

«ዕድሜያችሁ ደርሷል፤ በዚያ ላይ በዘር አለባችሁ» አለች። «ክዳኑ ላይ ባለችው ዘንግ ከሰገራችሁ ትንሽ ትነካላችሁ፣ መልሳችሁ ትከድናላችሁ፣ ለእኔ ትሰጡኛላችሁ። ዓይን የማያየው ደም ካለ ይቺ ታሳብቃለች። አይወጋ፣ አያቃጥል።»

«እኔ ለሰው የማሳየው የእጄን ሥራ ነው» አለ አናጢው። «የሆዴን ሥራ አይደለም።»

«አባዬ፣ ወይ ይሄ፣ ወይ ካሜራ የሚገባበት። ምረጥ።»

አናጢው ይሄን መረጠ። በማግስቱ ሥራ ቤት እንደገባ ግን ብልቃጧን ከኪሱ አውጥቶ ለታናሽ ወንድሙ አቀበለው። «የእኔንም አንተው ጨርስልኝ» አለው፤ ሚስማር ገዝተህ ና እንደሚል።

ለሌላ ሰው ይሄ እብደት ነው። በነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ዘንድ ግን ታላቅ ያዛል፣ ታናሽ ይላካል። አባታቸው ሲሞት ታናሽየው ገና ጢም አላወጣም ነበር፤ አናጢው አሳደገው፣ ሙያ አስተማረው፣ ላከው። የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ የሚሰለፈው ታናሽየው ነው። የታላቁን ፊርማ ከታላቁ አሳምሮ የሚፈርመውም እሱ ነው። ከአንድ ጉቶ የበቀሉ ስለሆኑ፣ ግንባራቸውም መላጣቸውም አንድ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ለመታወቂያ ፎቶ ሳይቀር በታላቁ ፈንታ ተነሥቷል። ቢቻል ኖሮ የጋሼውን ጥርስ ሄዶ ይነቀልለት ነበር እያሉ ደንበኞች ይስቁባቸዋል።

ታናሽየውን ሰፈሩ ፉጨት ነው የሚለው። አናጢው የሠራውን የቤት ዕቃ ቫርኒሽ የሚቀባ እሱ ነው፤ ብሩሹና ከንፈሩ እኩል ይሠራሉ።

«ምን ችግር አለ ጋሼ» አለ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ እያየ። «የእኔ ለሁለት ይበቃል።»

ለሁለት ግን አላደረገውም። የታላቁን ብልቃጥ ሞላ፤ ተልኳላ። በራሱ ብልቃጥ ደግሞ ጥቁር ቀይ የእንጨት ቀለም ጨመረባትና ለደንበኞች ናሙና ትሁን ብሎ ከቫርኒሽ ቆርቆሮዎቹ በላይ መደርደሪያው ላይ አቆማት። ልጅቷ ስትጠይቀው «ጠፋችብኝ» አላት። «አንተማ ጭንቅላትህም አንገትህ ላይ ባይበቅል ይጠፋህ ነበር» አለችውና ሌላ እንደምታመጣለት ዝታ ሄደች።

ውጤቱን ይዛ የመጣችው በሥራ ሰዓት ነው፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። አናጢው የበር ፍሬም እየላገ ነበር።

«አባዬ፣ መላጊያውን አስቀምጥ።»

«እየሰማሁሽ ነው።»

«አስቀምጠው አልኩህ። ደም ተገኝቶብሃል።»

አናጢው ሊስቅ ምንም አልቀረውም። የእኔ አይደለማ፣ ሊል አፉን ከፈተ። ሳቁን ሳይጀምረው ግን ዓይኑ በእንጨት ብናኙ መሐል አልፎ ሥራ ቤቱ ጥግ ላይ አረፈ። ፉጨት የቁም ሣጥን መዝጊያ ላይ ጎንበስ ብሎ እየቀባ ያፏጫል። የቀበቶው ጫፍ ረዝሞ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል። በቅርቡ ቀበቶውን በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳው አናጢው ራሱ አይቶ «ሱሪው ነው የሰፋው ወይስ አንተ ነህ የጠበብከው?» ብሎ ቀልዶበት ነበር።

«ካንሰር ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሱን አላልኩም። ኪንታሮትም ያደማል። ፖሊፕም ሊሆን ይችላል፤ ከአንጀት ግድግዳ ላይ እንደ እንጉዳይ ብቅ የምትል ሥጋ ናት። አብዛኛው የአንጀት ካንሰር የሚጀምረው ከሷ ነው፤ ካንሰር እስክትሆን ደግሞ ዓመታት ይፈጅባታል። በጊዜ ከተደረሰባት በካሜራው ውስጥ በሚገባ ሽቦ አንቀው እዚያው ይቆርጧታል፣ አለቀ። ካለፈች ቀዶ ጥገና ነው። የታመመውን ቆርጠው ያወጡና ጤነኛውን ከጤነኛው ይገጥሙታል። ከዚያ ካስፈለገ ኬሞ የሚሉት መድኃኒት። ታች፣ መቀመጫው አጠገብ ከሆነ ቀድመው ጨረር ሊሰጡ ይችላሉ። ጉበት ከደረሰ ግን…»

«ከደረሰ?»

«እንዳይደርስ አይደል እንዴ የምንጣደፈው! በሚቀጥለው ሳምንት ለካሜራው ቀጠሮ ይዤልሃለሁ።»

«ሰውየው ምን ይሰማዋል? ማለቴ፣ ያለበት ሰው።»

«ምንም ላይሰማው ይችላል። ወይ ይከሳል፣ ይደክመዋል፣ ሽንት ቤት ያመላልሰዋል። አንተ ምን ይሰማሃል?»

«ምንም» አለ አናጢው። እውነቱን ነው።

ያኔውኑ መናገር ነበረበት። ኀፍረቱ አንድ ነገር ነው፤ ለገዛ ልጁ «ለሰገራም ሰው ልኬ ነው» ማለት ያስጠላል፤ ግን እሱን እንኳ ይውጠው ነበር። የከበደው ሌላው ነው። ፉጨት ክፉ ወሬ ሲሰማ እግሩ ከጆሮው ይቀድማል። አባታቸው ያረፈ ቀን ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ጠፍቶ፣ የተመለሰው ሐዘንተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው። የት እንደነበር አልተናገረም፤ አናጢውም አልጠየቀም። አንዲት የወደዳት ሴት «እናቴ ልታይህ ትፈልጋለች» ስላለችው ብቻ ሌላ ከተማ ሄዶ የሰው ወንበር ሲቀባ ከርሟል። ዛሬ «ደሙ ያንተ ነው» ቢባል ነገ ክፍሉ ባዶውን ይገኛል፤ በሽታውም አብሮት ይጓዛል።

አናጢው ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ መላ መታ። ፉጨት ለራሱ አንድ እርምጃ አይሄድም። ለጋሼው ሲላክ ግን ገደል አፋፍ ድረስ ይሄዳል። እንግዲያው ይላካል። በታላቁ ስም ካሜራው ይገባበታል። የሆነ ነገር ከተገኘ ያኔ ይነገረዋል፤ በማስተኛው መድኃኒት እግሩ ተሳስሮ አልጋ ላይ እያለ። የተኛ ሰው አይሮጥም።

ሥራ ቤቱን ሊዘጉ ሲሉ አነሣበት። እንዴት እንደሚያሳምነው ብዙ ምክንያት አዘጋጅቷል።

«ያ ምርመራ ደም አለ ብሎኛል» አለው። «የተሳሳተ ነው። ልጄ ግን ካሜራ ካልገባብህ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። አንተ ጤነኛ ነህ። ሄደህ ታይልኝና ንጹሕ ነው ይበሏት፣ ትተወኝ።»

ፉጨት ብሩሹን በቤንዚን እያጠበ ነበር። «በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«በኋላ።»

«እኛ ቤት ዕቃ ስናስገባ በፊት በር አልገባ ያለውን ነው በኋላ የምናዞረው» አለ ፉጨት። «እነሱ ገና ፊቱን ሳይሞክሩ?»

«ቀልዱን ተወው። ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?»

ፉጨት ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ፤ ብልቃጧ ጥቁር ቀዩን ቀለም ይዛ ቆማለች። ብሩሹን አራገፈ።

«እሄዳለሁ» አለ።

አናጢው ያዘጋጃቸው ምክንያቶች ሁሉ አፉ ውስጥ ቀሩ። በጣም ቶሎ ነው እሺ ያለው። ለመደሰት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ልጅቷ አንጀት የሚያጥበውን ዱቄት ለአባቷ አምጥታ ትእዛዙን ደጋገመችለት፤ ደረቅ ምግብ የለም፣ ወተት የለም፣ ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ እስከ መጨረሻው መጠጣት፣ የሚወጣው እንደ ውኃ እስኪጠራ። «ጥሩ ሆኖ ካልታጠበ ካሜራው የሚያየው ጭቃ ነው» አለችው። አናጢው ዱቄቱን ይዞ ሥራ ቤት እንደሚያድር ነገራት።

«ለምን? ቤትም ሽንት ቤት አለ።»

«እዚያ የሚሰማኝ የለም።»

ይህን የመሰለ ምክንያት ልትከራከረው አልቻለችም።

ፉጨት የሚኖረው ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀመረ። ዱቄቱን በፕላስቲክ ጆግ በጥብጦ፣ አፍንጫውን በሁለት ጣት ይዞ ይጨልጣል፤ አናጢው የመጋዝ ማስደገፊያው ላይ ተቀምጦ ያየዋል።

«ምን ምን ይላል?»

«ሎሚ የተጨመቀበት የሳሙና ውኃ። ጋሼ፣ ለአንተ ስንት ነገር ችያለሁ፤ ይሄ ግን ደሞዝ መጨመር አለበት» አለና ድንገት ጆጉን አስቀምጦ ሆዱን ያዘ። «መጣሁ!»

እየሮጠ ሄደ፣ እየሳቀ ተመለሰ። እንደገና ጠጣ፣ እንደገና ሮጠ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁትን ሁሉ ተሰናበትኩት» አለ። አናጢው ሳቀ። ለጥቂት ጊዜ፣ ሁለት ሰዎች ሌላ ሰው ላይ ተንኮል እየሠሩ እንደሚስቁት ነበር የሚስቁት።

ከዚያ ፉጨት ሄዶ ቆየ። ውኃ ሲደፋ ተሰማ። ዝም። እንደገና ውኃ ሲደፋ ተሰማ፤ አሁንም እንደገና። አንድ ሰው የሠራውን ሳይሆን ያየውን ሲያጥብ እንደዚህ ነው የሚደፋው። አናጢው ተነሣና ግቢው መሐል ቆመ። ልጥራው አልጥራው እያለ ሳለ በሩ ተከፈተ። የፉጨት ፊት ገና ቫርኒሽ ያልነካው ጣውላ መስሏል።

«ምነው?»

«ምንም።»

«ጠራልህ?»

«ይጠራል» አለ ፉጨት፣ ጆጉን አንሥቶ። «ደግሞ ያንተ አንጀት ነው የሚታጠበው፤ እኔን ምን አስጨነቀኝ።»

የቀረውን ያለ ቀልድ ጠጣው። ከዚያ ወዲያ አላፏጨም።

ጠዋት ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለቱን ያስገቧቸው ጠባብ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ መስቀያ፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት በር። አንደኛው በር የመጡበት ነው፤ ወደ ኮሪደሩና ወደ መንገዱ ያወጣል። ሁለተኛው ካሜራው ወዳለበት ክፍል ያስገባል። የሁለተኛው በር የላይኛው ማጠፊያ ረግቧል፤ ሲከፈት ታችኛው ጠርዙ ወለሉን ይፍቃል። ይህን አናጢው ገና እንደገባ ነው ያየው፤ ሌላ የሚያየው ነገር እንዳይኖር ዓይኑን እዚያው ተከለ።

ፉጨት ልብሱን አውልቆ ከኋላ የሚታሰረውን ቀሚስ ለበሰ። የጎድን አጥንቶቹ ይቆጠራሉ። አናጢው ወንድሙን ያለ ልብስ ካየ ዘመናት ተቆጥረዋል።

«ስሜን ስትጠየቅ እንዳትሳሳት» አለው በሹክሹክታ።

«ግማሹማ የራሴ ነው። የአባታችን ስም አንድ አይደል? የምዋሰው ፊተኛውን ብቻ ነው።»

ነርሷ ገባች፤ ወፍራም፣ ፈጣን፣ በአንድ እጇ የመርፌ ሳህን የያዘች። ስም ጠየቀች፤ ፉጨት የታላቁን ስም ነገራት። ዕድሜ ጠየቀች፤ የታላቁን ዕድሜ ነገራት። ቀና ብላ አየችው።

«ዕድሜዎን ደብቀውታል።»

«ቫርኒሽ ነው» አለ ፉጨት።

ነርሷ ፈገግ አለችና የታላቁ ስም ያለበትን የፕላስቲክ አምባር አንጓው ላይ አሰረችለት። «አስታማሚው ወንድምዎ ናቸው? ጥሩ። ሲነቁ ብቻዎን አይሄዱም።» ከዚያ የግራ እጁን ገልብጣ ደም ሥር ስትፈልግ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው የተጋደመውን ጠባሳ አገኘች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«መጋዝ።»

«ጥልቅ ነበር። በማስተኛ ነው የተሰፋው? ያኔ ተቸግረው ነበር? ትንፋሽ ማጠር፣ ልብ መድከም፣ እንደዚያ ያለ ነገር?»

«ኧረ ምንም» አለ ፉጨት። «በቁሜ ነው የሰፉኝ።»

አናጢው ከበሩ ማጠፊያ ላይ ዓይኑን አነሣ።

ያን ጊዜ እሱ እዚያ ነበር። ክብ መጋዙ የወንድሙን እጅ የበላው ቀን በደም የተነከረ ጨርቅ ይዞ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ደጅ የቆመው እሱ ነው። በማስተኛው መድኃኒት የፉጨት ትንፋሽ ቆሞ ሰዎች ሲሯሯጡ ያየው እሱ ነው። ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ ወጥቶ፣ «ይህ ልጅ ወደፊት የትም ቦታ ሊያስተኙት ሲሉ ይህን ሳትናገሩ እንዳትቀሩ፤ ለጥቂት ነው የተረፈው» ያለው ለእሱ ነው። ሲነግረው ፉጨት «ታዲያ እንቅልፌ ከባድ እንደሆነ አታውቅም?» ብሎ ስቆበት፣ ከዚያ በኋላ ተረስቶ ቀረ። ፉጨት የሰጠው መልስ ስሕተት አልነበረም። የተላከ ሰው ነው፤ የታላቁን ጤና ነው የሚመልሰው። ታላቁ በማስተኛ ተቸግሮ አያውቅም።

ነርሷ ክንዱን በላስቲክ አሰረች። ደም ሥሩን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

ቢናገር ፉጨት ይሰማል። ሱሪው መስቀያው ላይ ነው፣ የኮሪደሩ በር ደግሞ አይፍቅም፤ ከዚህ ከወጣ አያገኘውም። ዝም ቢል ደግሞ… የተኛ ሰው አይሮጥም፤ ያሰበው ይህንኑ ነበር። አሁን ግን የተኛ ሰው ላይነሣም ይችላል።

መርፌዋ ከሽፋኗ ወጣች።

«ተይ» አለ አናጢው።

ነርሷ ቆመች። «ምን አሉ?»

«እሱ እኔ አይደለም። ስሙ የእኔ ነው። ሰውየው ግን ሌላ ነው፤ ወንድሜ ነው። እጁ የተሰፋ ጊዜ ትንፋሹ ቆሞ ነበር። እንዳታስተኚው።»

ነርሷ ላስቲኩን ፈታች፤ መርፌዋን ሳህኑ ላይ መለሰችና አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች።

«ቀጠሮው የማነው?»

«የእኔ» አለ አናጢው። «ደሙ ግን የሱ ነው። ብልቃጧን የሞላልኝ እሱ ነው።» ወደ ወንድሙ አላየም።

«እናንተ ጤነኞች ናችሁ?» አለች ነርሷ። ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ብትጮኽባቸው ይሻል ነበር። «ከእሱ አንጀት የተቆረጠ ሥጋ በእርስዎ ስም ላቦራቶሪ ሊገባ? ካንሰር ነው ቢባል ቀዶ ሐኪሙ የማንን ሆድ ነበር የሚከፍተው? ሲተኛ ትንፋሹ ቢቆምስ፣ ማን ሞተ ልንል ነበር?» መልስ አልጠበቀችም። ሳህኑን አነሣች። «ዶክተሩን ጠርቼ እመለሳለሁ። ስመለስ እዚህ አልጋ ላይ አንድ ሰው ከአንድ ስም ጋር ማግኘት እፈልጋለሁ። ወይም ማንንም።»

በሩን እየፋቀች ወጣች።

ፉጨት ከአልጋው ወርዶ ሱሪውን ከመስቀያው አነሣ። አንዱን እግር አስገባ። ሁለተኛውን አስገባ። ቀሚሱን ሱሪው ውስጥ ከተተና ቀበቶውን አዲሱ ቀዳዳ ድረስ ሳበው። አናጢው በኮሪደሩ በር በኩል ነበር የቆመው፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። እጁን ኪሱ ከተተ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አለ ፉጨት።

«ልጅቷ የነገረችኝ ዕለት።»

«እኔ ከዚያ በፊት ነው። የትምህርት ቤቱን መደርደሪያዎች ከሠራንበት ጊዜ ጀምሮ ደሙን አያለሁ። መጀመሪያ ቀይ ሥር ነው አልኩ። ቀጥሎ ኪንታሮት ነው አልኩ። ከዚያ ማየቱን ተውኩ፤ ሳላይ ውኃ እደፋበታለሁ።»

«ታዲያ ብልቃጤን ለምን ሞላህልኝ?»

«ስለላክኸኝ!» አለ ፉጨት፤ ድምፁ ተሰበረ። «ባንተ ስም ሲሆን የሚያመው አንተን ነው። እኔ ተላላኪ ነኝ። ካሜራውንም እሺ ያልኩህ ለዚሁ ነው። የሚያዩትን ያያሉ፣ ላንተ ይነግሩሃል፣ አንተ ታውቅበታለህ። አባባ ሲሞትም አንተ አወቅህበት። እኔ ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ ነበርኩ። ሩቅ የሄድኩ መስሎህ ነበር? ለቅሶውን ሁሉ ከዚያ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።»

አናጢው ሲያሳድገው፣ ሲያዘው፣ ሲልከው የኖረ ሰው ነው፤ አሁንም አፉ ላይ የመጣው ትእዛዝ ነበር። ግባ ሊለው ነበር። ዋጠው።

«ግባ አልልህም» አለ። «እስከ ዛሬ ልኬህ ነው እዚህ የደረስነው። በሩ አልተቆለፈም።» ከወንበሩ አጠገብ ሸሸት ብሎ የኮሪደሩን በር ለቀቀለት። «እኔ ግን ብልቃጥ አለብኝ። ወጣህም ገባህም ዛሬ ማታ ራሴ እሞላታለሁ። ደም ካለ፣ ካሜራው በራሴ ይገባል።»

«አንተ?» ፉጨት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሳለ ሳቅ አመለጠው። «የሆድህን ሥራ ልታሳይ?»

«ላሳይ።»

ዶክተሩ ከነርሷ ጋር ገባ፤ ቁመቱ አጭር፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው። ሱሪ የለበሰውን ሰውዬ ሲያይ ነገሩ የገባው ይመስላል፤ በቀጥታ እሱን አናገረው።

«ደሙ የእርስዎ ከሆነ ምርመራው የሚያስፈልገው ለእርስዎ ነው። አንጀትዎ ታጥቧል፤ ያ ሥራ አልባከነም። ሁለት መንገድ አለን። ትንፋሽ የሚጠብቅ የማደንዘዣ ሐኪም አዘጋጅተን በሌላ ቀን እናስተኛዎታለን። ወይም ዛሬ፣ ሳይተኙ። ሆድዎን በአየር ስንነፋው ይጨንቃል፣ ቁርጠት አለው፤ ግን ብዙ ሰው ይችለዋል።»

«ካገኛችሁስ?» አለ ፉጨት።

«ትንሽ ፖሊፕ ከሆነ እዚያው ቆርጬ አወጣዋለሁ። ከዚያ የበለጠ ከሆነ ቁራጭ ወስጄ እልካለሁ፤ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም፣ ከሆነም ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነው። ቀጥሎ ደረትዎንና ሆድዎን በሲቲ ስካን እናነሣለን፤ የት እንደደረሰ ለማየት። ቀዶ ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዴ የተገጠመው እስኪሽር ለጊዜው ሆድ ላይ ከረጢት እናደርጋለን። እዚያ ድረስ ላንሄድም እንችላለን። ሳላይ ምንም አልነግርዎትም።»

«ከረጢት» አለ ፉጨት። «ኪስ እንደሚያንሰኝ በምን አወቁ?»

ማንም አልሳቀም። እሱም ራሱ አልሳቀም። የኮሪደሩን በር አየ። ከበሩ ወዲያ የሰው ኮቴ፣ የተሽከርካሪ አልጋ መንኳኳት፣ ከዚያም ራቅ ብሎ የመንገዱ ድምፅ ይሰማል። አናጢው የወንድሙን እግር ነበር የሚያየው። እግሩ ከጆሮው ይቀድማል።

ፉጨት ቀበቶውን ፈታ።

«ቀጠሮ ከሰጣችሁኝ አታገኙኝም» አለ ለዶክተሩ። «ራሴን አውቀዋለሁ። ዛሬ ይሁን። ነቅቼ።»

ሱሪውን አውልቆ ለታላቁ አቀበለው። አናጢው ተቀብሎ ክንዱ ላይ አጠፈው። በሕይወቱ የወንድሙን ልብስ ይዞለት አያውቅም፤ ዕቃ ያዥ ሌላው ነበር።

ነርሷ የታላቁን ስም አምባር በመቀስ ቆረጠችው። «ስም?» አለች፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠይቅ ይመስል።

ፉጨት የራሱን ስም ነገራት። አናጢው ያንን ስም ከሰማ ቆይቷል፤ ሰፈሩም እሱም ፉጨት ብለው ሲጠሩት ኖረው፣ የሌላ ሰው ስም መሰለው። ነርሷ አዲሱን አምባር አሰረችለትና ከዶክተሩ ጋር ቀድማ ገባች።

«ለልጅህ ደውልላት» አለ ፉጨት። «ሁሉንም፣ ከብልቃጧ ጀምረህ።»

«ትገድለኛለች።»

«ትግደልህ። ይሄን እኔን እንዳትልከኝ።»

«አብሬህ ልግባ?»

«አንተ ገብተህ ምን ልትሠራ?» አለ ፉጨት፣ ቀሚሱን ከኋላ በአንድ እጁ ሰብስቦ ይዞ። «ቆይ እዚህ። እኔ ደግሞ ልወቅበት።»

ከንፈሩን ሊያፏጭ አሞጠሞጠ፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ወደ ካሜራው ክፍል ገባ። በሩ ወለሉን መፋቅ ሲጀምር ቆም ብሎ ወደ ታች አየው፤ እሱም ሥራ ቤት ያደገ ሰው ነው። እጀታውን ይዞ በሩን ትንሽ ወደ ላይ አነሣውና ያለ ድምፅ ዘጋው።